የብሪታንያ ሊበራል ፓርቲ ውድቀት፦ ሁለት የታሪክ ትርጓሜዎች
የሊበራል ፓርቲን ውድቀት ካጠኑት መካከል ጆርጅ ዴንጀርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ ፓርቲው ገና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሠራተኞች አድማ፣ በሴቶች የምርጫ መብት ትግልና በአየርላንድ ቀውስ ተሰነጣጥቆ እንደነበር ይተርካል። ትሬቨር ዊልሰን ግን በ1966 ባወጣው ጥናት ምክንያቱን በራሱ በጦርነቱ፣ በተለይም በዲሴምበር 1916 የሊበራሉ ጠቅላይ ሚኒስትር አስኲዝ ወርዶ የፓርቲ ባልደረባው ሎይድ ጆርጅ በተተካበት ክፍፍል ውስጥ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ለንባብ እጅግ ይማርካል (ምናልባትም ከሚገባው በላይ)፤ ነገር ግን ፓርቲው በ1910 ሁለት ምርጫዎችን ተሻግሮ በአየርላንድ ብሔርተኞችና በሌበር (የሠራተኞች) ፓርቲ ድጋፍ በሥልጣን መቆየቱን፣ በ1911ም የብሔራዊ መድን ሕግን ማጽደቁን ለማስረዳት ይቸገራል። የዊልሰን ማስረጃ ይበልጥ ያሳምናል፤ ሆኖም በ1918 የመራጩ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ስላደገ፣ ሊበራሎች በ1924 ምርጫ 40 መቀመጫ ብቻ ይዘው የቀሩት በመሪዎች ጠብ ብቻ ነው ማለት ያዳግታል።