ፖሊስ ወይስ የተጠቂዎች ስልክ? ዲሲ ውስጥ ጥቃት ሲደርስ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጥቃት የደረሰበት የኤልጂቢቲኪው (የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ፣ ትራንስጀንደር ወይም መሰል) ሰው፣ በተለይ ሐበሻ ከሆነ፣ ከቁስሉ በላይ የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር አለ። "ወሬው እናቴ ጆሮ ይደርስ ይሆን?" የሚለው።

አንዱ መንገድ ፖሊስ የሚጠራበት የአደጋ ጊዜ ስልክ 911 ነው። ደብዳቢው ገና በር ላይ ከቆመ ሌላ ምርጫ የለም፤ ይደውሉ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው። ፖሊስ ለኤልጂቢቲኪው ነዋሪዎች የተመደበ ክፍልም አለው። ዩ ቪዛ (የወንጀል ተጠቂ ሆነው ምርመራውን ለሚረዱ ስደተኞች የሚሰጥ ቪዛ) ለማመልከትም ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ሌላ ሥልጣን ያለው አካል የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ግን ለተጠቂዎች በዓመት የሚሰጠው 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። ክስ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ወሳኙ እርስዎ ሳይሆኑ ዐቃቤ ሕጉ ነው።

ሌላው የከተማዋ የተጠቂዎች የስልክ መስመር ነው። ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ምስጢር ይጠብቃል። ከመጠለያና ከአማካሪ ጋር ያገናኛል። የወሲብ ጥቃት ከሆነ የሆስፒታሉ የማስረጃ ምርመራ ለፖሊስ ሳያመለክቱም በነፃ ነው። ጥቃት አድራሹ እንዳይቀርብዎ ፍርድ ቤት ለሚሰጠው የጥበቃ ትዕዛዝም የፖሊስ ሪፖርት ግዴታ አይደለም።

እኔ ብሆን፣ አደጋው ካለፈ በስልኩ እጀምራለሁ። የአስተርጓሚው ድምፅ የማውቀው ሰው ከመሰለኝ "ሌላ ይቀየርልኝ" እላለሁ። ይህ ነውር አይደለም። የትኛውንም ቢመርጡ የበለዘውን ቦታ ዛሬውኑ ፎቶ ያንሱ። የዛቻውን መልእክትም አያጥፉት።