ሴቼንቶ ዛሬም ደስ ትላለች

ትናንት በወዳጄ ሴቼንቶ መኪና ከለገሃር ተነስተን በቸርችል ፒያሳ ወጣን። ፊያት 600 ናት፤ ሴቼንቶ በጣልያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው። ጣልያናዊው መሐንዲስ ዳንቴ ጃኮዛ የነደፋት ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ1955 በጄኔቭ የመኪና ትርኢት ላይ ስትቀርብ ርዝመቷ 3.2 ሜትር ገደማ፣ ሞተሯ 633 ሲሲ ነበር፤ በኋላ 767 ደረሰ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ፊቷን ስትከፍቱ የምታገኙት የነዳጅ ጋንና መለዋወጫ ጎማ ነው። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላ ወጣችው። ድምፁ ጆሮ ይሞላል፣ ግን ደስ ይላል! እነዚያ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች ትዝ አሉኝ። ከኋላ ለረጅም ሰው ትጠባለች። መኪና ማቆሚያ በማይገኝበት መሃል ከተማ ግን እንደሷ የሚመች አላየሁም። ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ምንጣፉን አንሱና ወለሉ እንዳልዛገ እዩ።