አሮጌ ቱርቦ መኪና ላላችሁ፦ የቱርቦ ቱቦ በአየር መፈተሻው እቃ ዋጋውን ያወጣል ወይ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለዚ እቃ ረዘም አድርጌ ልጻፍ ያልኩት "ቱርቦው አልቋል ይቀየር" እየተባለ ሰው ብዙ ብር በሚያወጣበት ጉዳይ ላይ ይሄ ርካሽ ነገር ትክክለኛውን መልስ ሲሰጥ በአይኔ ስላየሁ ነው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደታች እነግራችኋለሁ።

እቃው በጣም ቀላል ነው። ወፍራም ክብ የአሉሚኒየም ክዳን፣ መሀሉ ላይ እንደ ጎማ አየር መሙያ ያለ ቫልቭ፣ ጎኑ ላይ ትንሽ የግፊት መለኪያ ሰዓት፣ በቃ። አየር ፊልትሮው ጋ ያለውን ቱቦ ትፈቱና ክዳኑን ቱርቦው (ለሞተሩ አየር ጨምቆ የሚነፋው) አየር በሚስብበት በኩል ከትታችሁ በፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ታስራላችሁ፣ ከዛ በኮምፕሬሰር አየር ስትሞሉ ከቱርቦው ጀምሮ እስከ ሞተሩ ድረስ ያለው መስመር በሙሉ በግፊት ይወጠራል ማለት ነው። ኦንላይን ከ50 ዶላር በታች ነው የገዛሁት፣ ከቧንቧ እቃ መሸጫ ፕላስቲክ ክዳን ገዝቶ ቫልቭ በስቶ የሚሰራውም ሰው አለ፣ ስራው አንድ ነው።

መኪናዬ የ2003 ቮልስዋገን ፓሳት 1.8ቲ ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው የምነዳው። ዳገት ላይ በትልቅ ማርሽ፣ ዙሩ ዝቅ ብሎ እያለ ነዳጅ ስሰጠው ከኮፈኑ ስር ካካካካ የሚል ስስ ድምፅ ይመጣ ነበር፣ ጉልበቱ ደሞ ወርዷል፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲቆም ይንቀጠቀጣል፣ ቼክ ኢንጂን መብራቱም አንዴ በርቶ አንዴ ይጠፋል። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ጭስ የሚነፋ ማሽን አገናኝተው አዩትና የሚያፈስ ነገር የለም፣ ስለዚ ቱርቦው ነው መቀየር ያለበት አሉኝ፣ ከነእጅ ዋጋው የጠሩት ብር መኪናው ራሱ ከሚያወጣው ብዙም አይርቅም። ሳላሰራ ይዤው ወጣሁ።

ወደ እቃው ከመሄዴ በፊት ስለ ድምፁ የግድ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ኖክ (የሞተር ማንኳኳት) ሲባል ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው የሚያደባልቀው። እውነተኛው ኖክ ሚባለው፣ ካንዴላው ካቀጣጠለ በኋላ እሳቱ ገና ያልደረሰበት ጥግ ላይ የቀረው ቤንዚንና አየር በሙቀትና በግፊት ብዛት ራሱን ችሎ ሲፈነዳ ነው። ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደማንኳኳት ነው፣ የሚመጣው ሞተሩ ሲጫን ብቻ ነው፣ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ስታነሱ ወዲያው ይጠፋል። የቢየላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ የሚያገናኘው ብረት) ድምፅ ግን ሌላ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ቱክ ቱክ ቱክ ይላል፣ መኪናው ቆሞ ዙር ስትጨምሩለት አብሮ ይፈጥናል። እሱን ለመለየት የአንዱን ሲሊንደር ስራ በየተራ አቁሞ ድምፁ ሲቀንስ ወይ ሲቀየር ማዳመጥ ነው። ኮይሉን (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ሳይሆን የኢንጀክተሩን (ቤንዚን የሚረጨውን) ሶኬት ንቀሉ፣ ኮይል ብቻ ከነቀላችሁ ያልተቃጠለው ቤንዚን ሄዶ ካታሊስቱን (ጭስ መውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ) ያቃጥላል። ድምፁ የቢየላ ከሆነ ሞተሩን አጥፉት፣ የዘይት ግፊት በመለኪያ ሰዓት ይለካ፣ የቱርቦ ቱቦ የመፈተሽ ጊዜ አይደለም። ፓሳት 1.8ቲ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፣ ይሄ ሞተር ዘይቱ ሳይቀየር ከቆየ ጭቃ እየሆነ ካርተር ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት በመድፈን ይታወቃል፣ የዘይት መብራት ብልጭ ካለ ለነገ አይባልም።

የኔ ሲጫን ብቻ የሚመጣ ስለሆነ እውነተኛ ኖክ ነው ብዬ ያዝኩት፣ ግን በጆሮ ብቻ መፍረድ ስለማይበቃ ቪሲዲኤስ አገናኘሁ። ቪሲዲኤስ የማታውቁት ካላችሁ፣ ፔንሲልቬንያ ያለው ሮስ-ቴክ የሚሰራው የቮልስዋገንና የአውዲ መመርመሪያ ነው፣ ከላፕቶፕ ጋር ነው ሚሰራው። ተራው የኦቢዲ መመርመሪያ (ለሁሉም መኪና የሚሆነው) የኮድ ቁጥርና ቢበዛ ጥቂት መረጃ ሲሰጣችሁ ይሄኛው የሞተሩን ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱን ቁጥር እየነዳችሁ ይመዘግባል። ሌላ ሰው ይንዳ ወይ ሌላ ሰው ላፕቶፑን ይያዝ እንጂ ለብቻችሁ አትሞክሩት። ግሩፕ 020 ላይ ኮምፒውተሩ በኖክ ምክንያት በየሲሊንደሩ የእሳቱን ሰዓት ስንት ዲግሪ እንዳዘገየ ታያላችሁ። አልፎ አልፎ 2 ወይ 3 ዲግሪ ማየት የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። አራቱም ሲሊንደር ላይ 6፣ 7፣ 8 እያለ የሚቆይ ከሆነ ግን ሞተሩ ራሱን እያዳነ ነው፣ ጉልበት የሚጠፋውም አንዱ በዚ በኩል ነው። የኔ እንደዛ ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ቀላል ፈተና አለ፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ታንኩ ሲጎድል ጥሩ ፕሪሚየም ቤንዚን ሙሉና ያንኑ መንገድ በዛው ማርሽ ደግማችሁ መዝግቡ። (እዚህ ፓምፑ ላይ 93 የተጻፈው አውሮፓ 98 ከሚሉት ጋር ይቀራረባል፣ አለካኩ ስለሚለያይ ነው፣ አገር ቤት ላላችሁ ቁጥሩ እንዳያምታታችሁ።) ዲግሪው ከቀነሰ ኖኩ እውነተኛ ነው። ምንም ካልተነቃነቀ ግን ምናልባት የላላ ብሎን ወይ ሌላ የሚያንኳኳ ብረት ድምፅ ሴንሰሩን እያታለለው ነው፣ ወይ ራሱ ሴንሰሩ በትክክል አልታሰረም። የዚ ሞተር የኖክ ሴንሰሮች ሁለት ናቸው፣ ብሎናቸው 20 ኒውተን ሜትር ነው የሚታሰረው፣ በእጅ ግምት ሲጠብቅም ሲላላም የሚሰማው ነገር ይዛባል። ካንዴላም ይታይ፣ ክፍተቱ ከ0.8 ሚሊሜትር ብዙ ከሰፋ በቱርቦ ግፊት እሳቱ መዝለል ያቅተዋል፣ እሱ ግን መሳትን (ሲሊንደሩ ሳያቀጣጥል ማለፉን) ነው የሚያመጣው እንጂ ኖክን አይደለም፣ ሁለቱን አታደባልቁ። የኔ በአዲስ ቤንዚን ትንሽ ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም።

ከዛ ግሩፕ 115ን አየሁ፣ ኮምፒውተሩ የጠየቀው ግፊትና ያገኘው ግፊት ጎን ለጎን የሚወጣበት ነው። ከተጠየቀው በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚያገኘው፣ ግሩፕ 118 ላይ ደሞ የቱርቦውን ግፊት የሚያዘው ኤን75 ቫልቭ ከ90 ፐርሰንት በላይ ሆኖ ይጮሃል፣ ማለት ኮምፒውተሩ "ጨምር ጨምር" እያለ ነው ግን አየሩ አይደርስም። ግሩፕ 032 ላይ የሚኒሞው የነዳጅ ማስተካከያ ወደ ፖዘቲቭ ርቆ ሄዷል (ኮምፒውተሩ ቤንዚን እየጨመረ ነው ማለት ነው)፣ በመንገድ ላይ ያለው ግን ደህና ነው። ይሄ ሶስቱ አንድ ላይ ሲመጣ የሚናገረው ነገር ግልፅ ነው፣ አየር የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ምናልባትም ከአንድ በላይ።

የሚያፈስ ቱቦ እንዴት ኖክ ያመጣል ለምትሉ። አየር መለኪያው (ማፍ ሚሉት) የሚያየው ፊልትሮው ጋ የገባውን አየር ነው። ቱርቦው ሲነፋ ከተለካው አየር ከፊሉ መንገድ ላይ በስንጥቁ ሲወጣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ጭስ ይጠቁራል፣ ነዳጅ ይበላል። በሚኒሞ ላይ ደሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ ሞተሩ ስለሚስብ በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) በኩል ካለው ስንጥቅ ያልተለካ አየር ይገባና ቤንዚኑ ያንሳል፣ መንቀጥቀጡ ከዛ ነው። ኖኩን የሚያመጣው ግን ሙቀቱ ነው። ቱርቦው የጠፋውን አየር ለማካካስ ከልክ በላይ ይሽከረከራል፣ በዛ ፍጥነት የተጨመቀ አየር በጣም ይሞቃል፣ ኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) አሮጌና በዘይት የተሸፈነ ከሆነ አይችለውም፣ የሞቀ አየር ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ቤንዚኑ ቶሎ ይፈነዳል። ከሞተሩ የሚወጣው የዘይት ትነት አብሮ ሲገባ ደሞ ይባስ፣ ዘይት የቤንዚኑን ኦክቴን ያወርደዋል። ስለዚ ኖክ ያለበትን ቱርቦ መኪና ቱቦውን ሳትፈትሹ ውድ ቤንዚን ብቻ እየሞላችሁ አትኑሩ።

አሁን ወደ ፈተናው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ጠፍቶ፣ ክዳኑን አሰርኩ። ከኮፐርኪዮ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ወደ ቱርቦው መሳቢያ የሚመጣውን የትነት ቱቦ መድፈን ግድ ነው፣ ካልተደፈነ አየሩ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ የዘይት ሲሎችን ሊያስወጣ ይችላል፣ ይሄ የእቃው ወረቀት ላይ አልተጻፈም፣ መጻፍ ነበረበት። ኮምፕሬሰሩን ዝቅ አድርጌ 5 ፒኤስአይ (የጎማ አየር የሚለካበት የግፊት መለኪያ) አስገባሁ። ወዲያው ከማኒፎልዱ ስር ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ፣ እጄን አስገብቼ ስዳስሰው የትነቱ ትንሽ ቱቦ ክርኑ ላይ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ሲጫኑት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ሃያ አመት ሙቀት ላይ የኖረ ጎማ ነው፣ የሚጠበቅ ነው። የሚኒሞው መንቀጥቀጥ የሱ ነው ብዬ ለጊዜው ደፈንኩት።

የሚገርመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ወደ ኢንተርኩለሩ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ላይ የሳሙና ውሃ እየረጨሁ ግፊቱን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ፣ በ5 ምንም የለም፣ በ7 ምንም የለም፣ ወደ 9 ሲጠጋ ከፋሼታው አጠገብ ከታች በኩል፣ ቆሜ ብሆን ጭራሽ የማላየው ቦታ ላይ፣ ቀጭን መስመር ተከፈተና የሳሙናው አረፋ ነጭ ሆኖ እየተንተከተከ ወጣ። አየሩን ለቀቅ ሳደርግ መስመሩ ተመልሶ ተዘጋ፣ በጣት ብትዳስሱት ደህና ቱቦ ነው የሚመስለው፣ ትንሽ ዘይት ማርጠቡ ብቻ ነው የሚያሳብቀው። የጭስ ማሽኑ ያላየው ለዚ ነው፣ አብዛኞቹ የጭስ ማሽኖች የሚሰሩት በ1 ፒኤስአይ ገደማ ነው፣ ለቫኪዩም (ሞተሩ ለሚስብበት) መስመር በጣም ጥሩ ናቸው፣ ግፊት ሲመጣ ብቻ አፉን የሚከፍት ስንጥቅ ላይ ግን ምንም አያሳዩም። ጭስ ተነፍቶ "የሚያፈስ የለም" ከተባላችሁ ስንት ፒኤስአይ ላይ ነው ያያችሁት ብላችሁ ጠይቁ።

ኮከቧን የቀነስኩት በሰዓቱ ምክንያት ነው። አብሮት የመጣው የግፊት መለኪያ ከኮምፕሬሰሬ ሰዓት ጋር አይስማማም፣ በጎማ መለኪያ ሳረጋግጠው እሱ ነው የተሳሳተው፣ በሱ ተማምናችሁ 20 ምናምን እንዳታስገቡ። ከመኪናው የፋብሪካ ግፊት ብዙ መብለጥ አያስፈልግም፣ ለዚ ሞተር ከ10 እስከ 15 ፒኤስአይ ይበቃል። ክዳኑ ፊት ለፊት ደሞ አትቁሙ፣ ፋሼታው ካልጠበቀ ተወርውሮ ነው የሚወጣው። ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ባለበት ይቆማል ብላችሁም አትጠብቁ፣ የመግቢያም የመውጫም ቫልቭ ከፈት ያለበት ሲሊንደር ካለ በማርሚታው በኩል ይወጣል፣ እሱን ከሰማችሁ ሞተሩን በእጅ ትንሽ አዙራችሁ ደግሙት። ጎሚስታ ቤት ያለ ኮምፕሬሰር ይበቃል፣ የራሳችሁ መኖሩ ግን ይመረጣል ምክንያቱም ቀስ ብሎ የሚሰራ ነገር ነው።

ሁለቱን ቱቦ ከነፋሼታቸው ቀየርኩ፣ የዳይቨርተር ቫልቩንም (እግር ከነዳጅ ሲነሳ ትርፉን ግፊት የሚመልሰውን) አብሬ አየሁት፣ መምብሬኑ ደህና ነበር። በዛው መንገድ በዛው ቤንዚን ስመዘግብ የጠየቀውና ያገኘው ግፊት ተጠጋጉ፣ ኤን75ም ተረጋጋ፣ ግሩፕ 020 ላይ አንዳንዴ 1 ወይ 2 ዲግሪ ነው የሚታየው። ዳገቱ ላይ ድምፁ የለም። ያ "አልቋል" የተባለው ቱርቦ አሁንም እየሰራ ነው፣ ዘንጉን በእጄ ሳወዛውዘውም ግድግዳውን አይነካም።

አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ጎልፍ ቱርቦ አለው፣ ይሄንኑ ስነግረው "የኔ የግፊት ሴንሰር ሞቷል፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን ስከፍት 770 ነው የሚለው፣ ያንተ ግን 1000 ይላል" አለኝ። ሴንሰሩ ደህና ነው። ግሩፕ 115 የሚያሳየው ጠቅላላውን ግፊት በሚሊባር ነው፣ የከባቢውን አየር ጨምሮ። አዲስ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ 770 አካባቢ ነው፣ እኔ ያለሁበት የቨርጂኒያ ክፍል ደሞ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ወደ 1000 ይጠጋል። ስለዚ እዛ ያላችሁ ከፎረም ያገኛችሁትን የአሜሪካ ሰው ቁጥር ከራሳችሁ ጋር አታወዳድሩ፣ የራሳችሁ መኪና የጠየቀውን ካገኘው ጋር ነው ማወዳደር ያለባችሁ። አዲስ ላይ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለማምጣት ከኔ በላይ ነው የሚሽከረከረው፣ ትንሿ ስንጥቅ እዛ የበለጠ ትጎዳለች፣ እቃው እዛ የበለጠ ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑ የሚገባበትን ቱቦ የውስጥ ስፋት በሚሊሜትር ለኩ፣ ሻጮቹ የመኪና ስም ጽፈው የሚሸጡት ሁሌ ልክ አይመጣም። በሁለትና ሶስት ስፋት ደረጃ የተሰራውን ብትገዙ ለሌላም መኪና ይሆናል። አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላላችሁ ደሞ የኔን ማዋስ እችላለሁ፣ ክዳኑ 1.8ቲ ላይ ልክ ነው፣ ሰዓቱን በሌላ ቀይሬዋለሁ።