ኦፕንሶልቨር ከአሥር ወር በኋላ፦ ምርትን፣ ስርጭትንና ክምችትን በአንድ ሰንጠረዥ ማቀድ

አዳማ በሚገኝ የፓስታና የመኮሮኒ ፋብሪካ የዕቅድ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። እስካለፈው ኅዳር ድረስ ሦስት ዕቅዶች ነበሩን፤ ምርት ክፍል መሣሪያው ሳይቆም ብዙ ኩንታል የሚያወጣበትን፣ ስርጭት ክፍል መኪና የተገኘበትን አቅጣጫ፣ ንብረት ክፍል ደግሞ የተረፈውን ቆጠራ ይዞ ይቀርባል። በዚህ አሠራር ድሬዳዋ ላይ ደንበኛ አጣሁ ብሎ ሲመለስ፣ ያው መኮሮኒ ሐዋሳ መጋዘን ውስጥ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ይገኝ ነበር።

ኦፕንሶልቨር በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ በነጻ የሚገኝ ክፍት ምንጭ የኤክሴል ተጨማሪ ፕሮግራም ነው፤ የተሰጡትን ገደቦች ሳይጥስ ወጪው የሚያንስበትን ዕቅድ ያሰላል። ወደ እሱ የወሰደኝ የቁጥር ጉዳይ ነው። ለዚሁ ሥራ ኤክሴል ራሱ ይዞት የሚመጣው ሶልቨር ከ200 በላይ ተለዋዋጮችን (ስሌቱ የሚወስናቸውን ቁጥሮች) አይቀበልም። እኛ 6 ዓይነት ምርት፣ 4 መጋዘን (የፋብሪካው፣ የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳና የድሬዳዋ) እና የ13 ሳምንት ዕቅድ አለን፤ ስለዚህ ለምርት 78፣ ከፋብሪካው ወደ ሦስቱ ከተሞች ለሚላከው 234፣ በየመጋዘኑ በሳምንቱ መጨረሻ ለሚያድረው 312፣ በድምሩ 624 ውሳኔ ይወጣዋል። ኦፕንሶልቨር እንዲህ ያለ ገደብ የለውም፤ ሲቢሲ የተባለው የስሌት ሞተሩም በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቀን ዕቅዳችን አይቆምም። በወር ፈንታ በሳምንት ማቀዳችንም ጠቅሞናል፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ያላትን ጳጉሜን እንደ ወር ልቁጠራት ወይስ ከነሐሴ ጋር ልደርባት ከሚለው ጣጣ ተገላግያለሁ።

የስሌቱ ዘዴ አዲስ አይደለም። ሌኒንግራድ ውስጥ የኮምፔርሳቶ አምራቾች ሥራን በመሣሪያዎች መካከል እንዴት እናከፋፍል ብለው ላቀረቡት ጥያቄ የሶቪየቱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች በ1939 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መልስ፣ በ1975 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ነው። የእኛም ጥያቄ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ የማምረቻ፣ የማጓጓዣና የማከማቻ ወጪ ተደምሮ እንዲያንስ፣ የማድረቂያው አቅም፣ የመኪናው ብዛትና የመጋዘኑ ስፋት ግን እንዳይጣስ።

የመጀመሪያው ዕቅድ በጣም ርካሽ ሆኖ ወጣና ደስ አለኝ። ቀረብ ብዬ ሳየው 13ኛው ሳምንት ላይ አራቱም መጋዘኖች ባዶ ነበሩ። ሞዴሉ 14ኛ ሳምንት መኖሩን ስላልነገርኩት ለማያውቀው ነገ ክምችት የሚያስቀምጥበት ምክንያት አልነበረውም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የመጨረሻው ሳምንት ክምችት ከዚህ መጠን አይነስ የሚል ገደብ ሳስገባ ተስተካከለ።

ሁለተኛው ፈተና «መፍትሔ የለም» የሚለው መልስ ነበር። በዐቢይ ጾም ዋዜማ የነጋዴው ትዕዛዝ ሲጨምር ገደቦቹ እርስ በርስ ተጋጩ፤ የተጋጩት የትኞቹ እንደሆኑ ግን ከመልሱ አይታወቅም። ከብዙ ሙከራ በኋላ «ያልተሟላ ትዕዛዝ» የሚል ተለዋዋጭ ጨምሬ በኩንታል ከፍ ያለ ቅጣት አሰርኩበት፤ ከዚያ ወዲህ የጎደለው በየትኛው ከተማና ሳምንት እንደሆነ በግልጽ ይታያል። የቅጣቱን ልክ ለመወሰን ሽያጭ ክፍልና ሒሳብ ክፍል ሁለት ሳምንት ተከራክረዋል፤ በእኔ አስተያየት ከሶፍትዌሩ ያገኘነው ትልቁ ጥቅም ይኸው ክርክር ነው፤ ከዚያ በፊት ደንበኛን ባዶ እጁን መመለስ ስንት እንደሚያስወጣን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የጥላ ዋጋ የሚባለውን ውጤት ሳልጠቅስ አላልፍም። አንድ ገደብ በአንድ መለኪያ ቢላላ ጠቅላላ ወጪው ምን ያህል እንደሚለወጥ ያሳያል። ሁላችንም ተጨማሪ መኪና እንከራይ ስንል የመኪናው የጥላ ዋጋ በአብዛኞቹ ሳምንታት ዜሮ፣ የማድረቂያው ግን ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ማነቆው መንገድ ላይ ሳይሆን ግቢያችን ውስጥ ነበር። በዚህም ምክንያት የኪራዩን ሐሳብ ትተን ለጾሙ የሚሆነውን መኮሮኒ ቀደም ብለን ማምረት ጀመርን።

ይሁን እንጂ የመኮሮኒ ቅርጽ ሲቀየር ሻጋታ አውርዶ ለማጠብ የሚባክነውን ሰዓት ላስገባ ስል «ይመረት ወይስ አይመረት» የሚሉ 78 የዜሮና የአንድ ውሳኔዎች ተጨመሩ። ቀድሞ ቡና ሳይቀዳ ያልቅ የነበረው ስሌት አሁን ምሳ በልቼ ስመለስም የማያልቅበት ቀን አለ፤ የጥላ ዋጋውም በእንዲህ ዓይነቱ ሞዴል ላይ አይገኝም። ስለዚህ ሁለት ፋይል ይዣለሁ፤ አንዱ የሻጋታውን ሰዓት የያዘ ለሳምንቱ ሥራ፣ ሌላው ያለ እሱ የጥላ ዋጋ የሚያሳይ ለአለቆች ጥያቄ።

በእኛ መጠን ላለ ፋብሪካ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ምርቶች ላሉት ድርጅት ግን የኤክሴል ገጽ ራሱ አይበቃውም። የእኛ ቀሪ ስጋት ፋይሉን የማውቀው እኔ ብቻ መሆኔ ነው። በነሐሴ ከንብረት ክፍል አንዲት ባልደረባችንን ማለማመድ ጀምሬያለሁ፤ በሁለተኛው ቀን የሐዋሳን መጋዘን ስፋት በኩንታል ፈንታ በቶን እንዳስገባሁት አግኝታብኛለች።