ካፕሮኒ 133 ሲመዘን፦ ባላጋራ በሌለበት ሰማይ የተመሰገነ ቦምብ ጣይ

የጦር አውሮፕላንን እንደ ማንኛውም ዕቃ መርምሮ ብቃቱንና ጉድለቱን መናገር በእኛ ዘንድ ብዙም አልተለመደም። ሆኖም የጣሊያኑ ካፕሮኒ 133 ለወሎ ሰው የሩቅ ዕቃ አይደለም፤ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ፣ ምስጋናውንም ውርደቱንም በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ያገኘ ቦምብ ጣይ ነው። ለተሠሩበት ዓላማ ሳይበቁ የቀሩ የጦር አውሮፕላኖች ሲነሡ ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝና የጀርመን ስሞች ይቀድማሉ፤ ካፕሮኒ የሚታለፈው በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ሥራውን በሚገባ ሠርቷል ስለሚባል ይመስለኛል። እኔ ግን ያ ምስጋና ለዕቃው የሚገባው ሆኖ አላገኘሁትም።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1934 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ካፕሮኒ 133 እያንዳንዳቸው 460 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሦስት የፒያጆ ሞተሮች አሉት። አካሉ ሸራ በለበሰ የብረት ቱቦ የተዋቀረ ነው፤ ክንፉ ከአካሉ በላይ ተቀምጧል፤ ጎማዎቹም ወደ ውስጥ የማይታጠፉ ናቸው። ይህ አሠራር በዘመኑም ቢሆን አሮጌ ነበር። ነገር ግን የተቀደደ ሸራ ይጣፋል፣ የተሰበረ ቱቦም በብየዳ ይቃናል፤ የማይታጠፍ ጎማ ደግሞ ባልተስተካከለ ሜዳ ላይ የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው። ፋብሪካ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ለሚርቀው ጦር እንዲህ ያለ በቀላሉ የሚጠገን ዕቃ መምረጥ አላዋቂነት አልነበረም። በማጓጓዣነት ሲሠራም ወደ 18 የሚደርሱ ወታደሮችን ይይዝ ስለነበር፣ በዚህ በኩል ነጥብ አልነፍገውም።

ችግሩ የሚጀምረው ቦምብ ጣይ ነው ሲባል ነው። ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ራሱን የሚከላከለው በአራት ባለ 7.7 ሚሊ ሜትር መትረየሶች ሲሆን፣ እነርሱም በተለያየ አቅጣጫ የተተከሉ በመሆናቸው አንድ አጥቂ ሲመጣ ሁሉም በአንድነት ሊተኩሱበት አይችሉም። በ1928 ዓ.ም. ይህ ጉድለት አልታየም፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የነበሩት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩና አብዛኞቹም ያልታጠቁ ስለነበሩ፣ የሚያሳድደው ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ከአየር ስትደበደብ፣ በከተማይቱ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው መተኮሳቸው በፎቶግራፍ ጭምር ተመዝግቦ የቆየ ታሪክ ነው። በዚያ ቀን የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖችም ተመተዋል። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ የሚመለሰው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ በቦምብና በመርዝ ጋዝ ተጨፍጭፏል። ከላይ የሚያባርረው በሌለበት፣ ከታች መጠለያ ባልነበረው ሰው ላይ የተፈጸመን ይህን ሥራ የአውሮፕላን ብቃት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ በቴክኒክም ሆነ በሕሊና ሚዛን የሚያስኬድ አይደለም።

ከፍታውንም መርሳት አይገባም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተሩም ክንፉም ይደክማሉ፤ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ያስፈልጋል፣ ጭነትም መቀነስ ግድ ይሆናል። በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ደኅና መስሎ ይታያል፣ የሚለየው ወደ ደሴ የሚያደርሰውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ነው። ከመጀመሪያውም ጉልበቱ ለተረፈው አውሮፕላን ይህ ቀላል ቅጣት ነበር፤ ካፕሮኒ ግን ትርፍ ጉልበት አልነበረውም።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ነው። በዚያን ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ከነበሩት የጣሊያን ቦምብ ጣዮች ውስጥ ካፕሮኒ 133 ትልቁን ድርሻ ይዞ ነበር። ከእንግሊዝ ጎን ተሰልፈው ከኬንያ በኩል የመጡት የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች ካሏቸው አውሮፕላኖች አንዱ ሆከር ፊዩሪ ይባላል፤ ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 አገልግሎት ላይ የዋለና በአውሮፓ ጊዜው ያለፈበት ተብሎ የተተወ ተዋጊ ነበር። ሆኖም በሰዓት 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር ካፕሮኒን ለመድረስ አልተቸገረም፤ ሁለት የካፕሮኒ ቦምብ ጣዮችን መጣሉም ተመዝግቧል። ከጡረታ የተመለሰ ተዋጊ የሚያሸንፈው ቦምብ ጣይ፣ በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበረውና ስምንት መትረየስ የያዘው የእንግሊዝ ተዋጊ ሃሪኬን ሲመጣበት ምን ዕድል እንደሚኖረው ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ጥፋቱ የመሐንዲሶቹ ብቻ አልነበረም። የስዊዝ ቦይ በእንግሊዝ እጅ ስለነበር ምትክ ዕቃ በመርከብ ሊገባ አልቻለም። የተፈቱ ተዋጊ አውሮፕላኖችን በትላልቅ ማጓጓዣዎች ሆድ ጭኖ ከሊቢያ እስከ ማምጣት ተደርሷል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚያስረዳው ካፕሮኒ ለምን እንዳልተተካ እንጂ ለምን ደካማ እንደሆነ አይደለም። በ1928ቱ ዘመቻ የተገኘው ቀላል ድል የጣሊያን አየር ኃይልን ሳያዘናጋው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ።

ለማነጻጸር ያህል የእንግሊዙን ፌሪ ባትል እንይ፤ በዓለም ላይ ካልተሳካላቸው ቦምብ ጣዮች መካከል ስሙ ዘወትር ይጠራል። በአንድ ሞተር ሦስት ሰውና 450 ኪሎ ግራም ያህል ቦምብ ተሸክሞ በቀን ብርሃን እንዲዋጋ የተላከው ይህ አውሮፕላን፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1940 በፈረንሳይ ሴዳን አጠገብ ከተሰማሩት 63 ውስጥ 35ቱ አልተመለሱም። ያው ባትል ግን በደቡብ አፍሪካ 11ኛ ስኳድሮን (የአየር ጓድ) እጅ በምሥራቅ አፍሪካ ሲዘምት እንዲያ አልተዋረደም፤ በዚህ ያጋጠመው ተከላካይ በሴዳን እንዳጋጠመው የጠነከረ አልነበረም። ከሁለቱ አንዱን ለቦምብ ጣይነት ምረጥ ብባል ባትልን እመርጣለሁ፤ በሰዓት 414 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር ቢያንስ ከፊዩሪ ያመልጣል። ካፕሮኒን የምቀበለው መትረየሱና ቦምቡ ወርዶለት፣ ቁስለኛና ስንቅ እየጫነ ከሜዳ ወደ ሜዳ እንዲመላለስ ብቻ ነው፤ ያውም ተዋጊ አውሮፕላን በማይደርስበት በኩል።