ዩሮፓስ ሲቪ፦ የት ይጠቅማል፣ የት ይጎዳል?

ለኢራስመስ ሙንዱስ፣ ማለትም ለአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ፣ ያመለከተ ሰው ዩሮፓስን ሳያውቀው አይቀርም። የአውሮፓ ኅብረት በነጻ የሚያቀርበው የሲቪ መሥሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አለ፤ አሁን የምናየው ድረ ገጽ የተከፈተው በጁላይ 2020 ነው። ብዙ የአገራችን አመልካቾች አንዴ ለስኮላርሺፕ ካዘጋጁት በኋላ ያንኑ ፒዲኤፍ ለኤንጂኦውም፣ ለባንኩም፣ ለኤምባሲውም ይልኩታል። ጉዳቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ጥሩ ጎኑ ብዙ ነው። ሌሎች የሲቪ ድረ ገጾች ሁሉን አስሞልተው በመጨረሻ «ለማውረድ ካርድ አስገባ» ይላሉ፤ የውጭ አገር ክፍያ የሚቀበል ካርድ ለሌለው ሰው ድካሙ ሁሉ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ዩሮፓስ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። ኢዩ ሎጊን የሚባለውን አካውንት ከፍቶ ፕሮፋይሉን አንዴ የሞላ ሰው ከዚያው እየመረጠ የተለያዩ ሲቪዎችን ማውጣት ይችላል። ያወረዱትን ፒዲኤፍ መልሰው ቢጭኑትም መረጃውን አንብቦ ቅጹን ይሞላል። ታትሞ ስካን የተደረገ ከሆነ ግን አይሠራም፤ ዋናውን ፋይል አለመንካት ነው። ገጹ በአማርኛ የለም።

ቅጹ የተሠራው ለአውሮፓ ሰው ስለሆነ እኛን የሚያሳስቱ ቦታዎች አሉት። ስምዎን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፉ፤ የዲግሪው ፊደል አጻጻፍ ቢለይም ፓስፖርቱን ይከተሉ። ስልክ ሲሆን የመጀመሪያዋ ዜሮ ትወጣና በቦታዋ +251 ይገባል። ውጤት ባዶውን 3.45 ተብሎ አይጻፍም፤ 3.45/4.00 ይባላል፣ ምክንያቱም የውጤት መለኪያው ከአገር አገር ይለያያል። የአውሮፓ የትምህርት ደረጃ የሚጠይቀውን ሳጥን ባዶ መተው ይሻላል፤ የአገር ቤት ዲግሪን በራስ ግምት ደረጃ ከመስጠት አለመሙላት ይመረጣል።

ከሁሉ የከፋው የዘመን አቆጣጠር ነው። በሐምሌ 2012 የተመረቀ ሰው «2012» ብሎ ቢያስገባ አንባቢው ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ቀድሞ የጨረሰ ይመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ሥራ ፈት የተቀመጠበት ሆኖ ይታያል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ይደመራል። ማኅተም ያለበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ቀኖቹን አንድ በአንድ ማመሳከር ያስፈልጋል።

የቋንቋው ሠንጠረዥ በማዳመጥ፣ በማንበብ፣ በውይይት፣ በንግግርና በመጻፍ ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ2 (ከፍተኛው) ራስን መመዘን ይጠይቃል። ብዙ ሰው እንግሊዝኛው ላይ አምስቱንም ሲ2 ይሞላና አብሮ 6.5 ያገኘበትን የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ፈተና) ውጤት ያያይዛል። 6.5 ቢ2 ነው፤ ሲ1 ከ7 ይጀምራል። ገምጋሚው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያያል። በአንጻሩ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም አፋርኛ የሚችል ሰው ቋንቋውን ሳይጽፈው ይቀራል፤ ለመስክ ሥራ ከሌላው የሚለየው ግን ይኸው ሊሆን ይችላል። አፍ መፍቻ ቋንቋ ከአንድ በላይ ማስገባት ይፈቀዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዩሮፓስ የተሠራው ሁሉም ሲቪ አንድ ዓይነት መልክ እንዲይዝ ነው። ለስኮላርሺፕ ገምጋሚ ይህ ይመቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ቦታ የመጣ የማመልከቻ ክምር ለሚያገላብጥ የሰው ኃይል ባለሙያ ግን ያው ርዕስ፣ ያው ሠንጠረዥ ነው፤ ዓይን የሚይዝ ነገር የለም። ቀለም መቀየር ወይም ሌላ ቴምፕሌት መምረጥ ይህን አያድነውም። ሰውን ከሰው የሚለየው በእያንዳንዱ ሥራ ሥር ያለው የማብራሪያ ሳጥን ነው፤ እሱን ደግሞ አብዛኛው ሰው ከሥራ መዘርዝሩ ገልብጦ ይሞላዋል። «ወርሃዊ ሪፖርት ማዘጋጀት» ማንም ይላል። «በ4 ወረዳዎች ያሉ 26 ጤና ጣቢያዎች የሚልኩትን ሪፖርት አጣርቶ በየወሩ እስከ 5ኛው ቀን ማስረከብ» ያለ ሰው ግን ይጠራል፤ ቃለ መጠይቁም ከዚያው ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ወይም አራት እንዲህ ያሉ መስመሮች ይበቃሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ማስታወቂያው በሚጠይቀው መሠረት ይቀያየር።

የማይፈለገውን መዝጋትም ሥራ ነው። ፕሮፋይሉ ሁሉን ይያዝ፤ ሲቪው ግን ልምድዎ ከአሥር ዓመት በታች ከሆነ ከሁለት ገጽ አይለፍ። የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ ይውጣ፣ የግማሽ ቀን ሥልጠናዎችም ይውጡ። መንጃ ፈቃድ ለቢሮ ሥራ ትርፍ ነው፤ ለመስክ ሥራ ግን፣ በተለይ ሞተር ሳይክል ለሚጠየቅበት፣ ከፍ ብሎ መታየት አለበት።

ስለዚህ ጠሪው ተቋም ዩሮፓስ ካለ ዩሮፓስ ይላክ፤ ያላለ ከሆነ ፕሮፋይሉን እንደ መዝገብ ይዞ ሲቪውን በማይክሮሶፍት ወርድ መሥራት ይሻላል። የማመልከቻ ደብዳቤ መጻፊያም አለው፤ እሱ ከተራ ወርድ የሚበልጥበት ነገር የለም።