የጎማ ንፋስ፦ የቀላል ጭነት ልክ ወይስ የሙሉ ጭነት ልክ?

በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በብዙ መኪኖች ሁለት ልክ ይሰጣል፤ አንዱ ለጥቂት ተሳፋሪ፣ ሌላው ለሙሉ ጭነት ነው። በጎማው ጎን የታተመው ቁጥር ግን ጎማው የሚችለውን ጣሪያ ስለሚያመለክት፣ ጎሚስታው «ስንት ልሙላ?» ሲል እሱን አንብቦ መንገር ስሕተት ነው።

ዝቅተኛው ልክ፦ በኮብልስቶንና በጉድጓድ ላይ ይለሰልሳል፤ ጎማውም አስፋልቱን በሙሉ ወርዱ ይይዛል። ነገር ግን አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ በዚሁ ልክ ወደ አዋሽ ቆላ መውረድ እጅግ ያሰጋኛል፤ የጎማው ጎን ደጋግሞ እየታጠፈ ስለሚግል፣ በፍጥነት ላይ እያለ ሊፈነዳ ይችላል። የጎማውን ጥርስ በእጅ ሲዳስሱት ሁለቱ ጠርዞች ከመሐሉ ቀድመው አልቀው ከተገኙ፣ ንፋሱ ለጭነቱ አንሶ ቆይቷል ማለት ነው።

ከፍተኛው ልክ፦ ጭነቱን ይሸከማል፤ ነዳጅም በጥቂቱ ይቆጥባል። ባዶ መኪና ላይ ግን ያንገጫግጫል፤ የጎማውንም መሐል ይበላል።

ሁለቱም የሚለኩት መኪናው አድሮ ጎማው እንደቀዘቀዘ ነው። በጎማው ውስጥ ያለው አየር ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በተለወጠ ቁጥር ልኩ በ1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ስለሚለወጥ፣ በጉዞ የጋለ ጎማ ከፍ ያለ ቁጥር ቢያሳይ ማስተንፈስ አይገባም።

ከቦሌ መገናኛ ብቻውን ለሚመላለስ የመጀመሪያው ይስማማዋል፤ ቤተሰቡን ይዞ ሐዋሳ የሚሄድ ደግሞ በዋዜማው ሁለተኛውን ያስሞላ፣ ሲመለስም ያስቀንስ።